ፊልም ለማቆየት ምን ይቅደም? ዝርዝር፣ ቀዝቃዛ ክፍል ወይስ ስካነር

አንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ሺህ የፊልም ጣሳ አለው እንበል። የግማሹ ጽሑፍ ደብዝዟል። አንዳንዱ ጣሳ ሲከፈት አፍንጫ ይሰነፍጣል። የዓመቱ በጀት አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ያሠራል። ፊልሙን ወደ ዲጂታል ፋይል የሚቀዳ ስካነር ይገዛ? ቀዝቃዛ ክፍል ይሠራ? ወይስ ሰው ተቀጥሮ ያለው ሁሉ ይመዝገብ?

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ስካነሩ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል፤ ውጤቱ ቶሎ ይታያል፣ ሕዝብም ፊልሙን ያየዋል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ ዝርዝር፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜ፣ ከዚያ እየመረጡ ስካን ማድረግ። ይህ ቅደም ተከተል የማይሠራበት ሁኔታም አለ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ አስቸኳይ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው ጥናት በአገሪቱ የተሠሩ 10,919 ድምፅ አልባ ረጅም ፊልሞችን ቆጥሮ፣ በመጀመሪያ መልካቸው ተሟልተው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሰባ በመቶው ጭራሽ የለም። ይህ የሆነው ትልቅ የፊልም ኢንዱስትሪና ብዙ ገንዘብ ባለበት አገር ነው።

መጀመሪያ ጣሳውን ክፈቱ

ፊልሙ ከምን እንደተሠራ ሳይታወቅ የሚወሰን ውሳኔ ሁሉ ግምት ነው። ዓይነቱ ሦስት ነው፦ ናይትሬት፣ አሲቴትና ፖሊስተር።

ናይትሬት ከሲኒማ መባቻ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያገለግል ነበር። ሲቃጠል የራሱን ኦክስጅን ስለሚያመነጭ በውኃም በአሸዋም ማፈን አይቻልም። በ1982 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ሲኔቴካ ናሲዮናል ሲቃጠል በሺህ የሚቆጠሩ ፊልሞች አብረው ጠፍተዋል። በ2003 ደግሞ የሕንድ ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት የናይትሬት ፊልሞቹን ፑኔ ላይ በእሳት አጥቷል። ስለዚህ ናይትሬት ከተገኘ ክርክር የለም። በዚያው ቀን ለብቻው ይለይ፣ የእሳት ባለሙያ ይጠራ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2007 ኩልፔፐር፣ ቨርጂኒያ ላይ በከፈተው ማዕከል ለናይትሬት ብቻ 124 ትናንሽ ክፍሎች አሉት። አንዱ ቢነድ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

አሲቴት "ሴፍቲ ፊልም" የሚባለው ነው። እንደ ናይትሬት አይነድም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሲያረጅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፣ ጣሳው ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ይሸታል። አሲዱ ራሱ መበስበሱን ያፋጥነዋል። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻ ምስሉ ያለበት ንጣፍ ይላቀቃል። ጋዙ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ፊልምም ይነካል። ማግኔቲክ የድምፅ መስመር ያለው ፊልም ከሌላው ፈጥኖ ይበላሻል፤ የብረት ኦክሳይዱ ሂደቱን ያቀጣጥለዋል።

ፖሊስተር ጠንካራ ነው፣ የአቼቶ ሕመምም የለበትም። ግን ቀለሙ እንደማንኛውም የቀለም ፊልም ይለቃል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ ብዙ የቀለም ኮፒዎች ዛሬ ሲታዩ ሮዝ መስለዋል፤ ሰማያዊና አረንጓዴው ከስሞ ቀዩ ብቻ ቀርቷል።

እንዴት ትለያላችሁ? የፊልሙን ጠርዝ፣ ከቀዳዳዎቹ ውጪ ያለውን ጠባብ መስመር በማጉያ መነጽር እዩ። "ናይትሬት" ወይም "ሴፍቲ" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አለ። ግን ብቻውን አትመኑት፤ ኮፒው ከታተመበት ኔጋቲቭ ጠርዝ አብሮ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። የኮዳክ ፊልም ከሆነ ክብ፣ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን ወይም የመደመር ምልክት ታገኛላችሁ። እነዚህ ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይጠቁማሉ፤ በየ20 ዓመቱ ስለሚደጋገሙ ግን ከሌላ መረጃ ጋር መመሳከር አለባቸው። ፖሊስተርን መለየት ቀላል ነው። ጥቅሉን በጎኑ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃኑ ካለፈ ፖሊስተር ነው፣ አሲቴት ከሆነ ጨለማ ነው።

አሲቴቱ የቱ ላይ እንደደረሰ ደግሞ ኤ ዲ ስትሪፕ የሚባል ወረቀት ይነግራችኋል። ሮቸስተር ያለው ኢሜጅ ፐርማነንስ ኢንስቲትዩት ያወጣው ነው። ሰማያዊውን ወረቀት ጣሳው ውስጥ ከትቶ ቢያንስ ለአንድ ቀን መዝጋት ነው። አሲድ ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይዞራል። ደረጃው ከ0 እስከ 3 ሲሆን 1.5 ላይ የደረሰ ፊልም መበስበሱ ራሱን በራሱ የሚያፋጥንበት መስመር ላይ ነው። ከስካነሩ በፊት ይህን ወረቀት ግዙ እላለሁ።

ቅዝቃዜ ወይስ ስካን?

ቀዝቃዛ ክፍል ሁሉንም ጣሳ በአንድ ጊዜ ይረዳል። ስካነር የሚያድነው አንድ በአንድ ነው። ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ይህ ነው።

በኢንስቲትዩቱ ስሌት አዲስ አሲቴት ፊልም በ21 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ እርጥበት ውስጥ ቢቀመጥ የአቼቶው ሕመም የሚጀምረው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሙቀቱ ወደ 4 ዲግሪ ሲወርድ ይህ ዕድሜ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ጌይደን የሚገኘውን ዋና መጋዘኑን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪና 35 በመቶ እርጥበት ላይ ያኖረዋል። ይህ መድኃኒት አይደለም፤ የታመመውን አያድንም። ጊዜ ይገዛል፣ ሰው አስቦ ለመወሰን የሚበቃ ጊዜ።

መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆነስ? ያኔ የሚመረጠው ሊጠበቅ የሚችል መጠነኛ ቅዝቃዜ ነው። ግማሹን ዓመት 4 ዲግሪ፣ ግማሹን 30 ዲግሪ ከሚሆን ክፍል ይልቅ ዓመቱን ሙሉ 16 ዲግሪ የሚቆይ ደረቅ ክፍል ይበልጣል። ጉዳቱን የሚወስኑት ሞቃቶቹ ወራት ናቸው። ስብስቡ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ተራ ፍሪዘርም ይሠራል። የአሲቴት ወይም የቀለም ፊልሙ በሁለት የታሸገ ከረጢት ይገባል፤ በመካከል የእርጥበት መጠን በቀለም የሚያሳይ ካርድ ይቀመጣል። ከፍሪዘር የወጣ ፊልም ከረጢቱ ሳይከፈት ቀስ ብሎ የክፍሉን ሙቀት መልመድ አለበት። ቶሎ ከተከፈተ ላብ ይይዘዋል። ናይትሬትን ግን በምንም ምክንያት እንዲህ ያለ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ።

የስካኑ ወጪ ፊልሙ ተስካኖ ሲያልቅ አያቆምም፤ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በ2007 ባወጣው ጥናት የአንድን ፊልም ማስተር (ሌላው ሁሉ የሚቀዳበትን ዋና ቅጂ) በፊልም መልክ ማስቀመጥ በዓመት 1,059 ዶላር ሲያስወጣ፣ በ4ኬ (በአግድም 4,000 ገደማ ነጥብ ባለው ምስል) ዲጂታል ማስቀመጥ 12,514 ዶላር ያስወጣ ነበር። ማከማቻ ከዚያ ወዲህ ረክሷል። ነገር ግን የወጪው ባሕርይ ያው ነው። ጣሳ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሳይነካ ይቆያል። ፋይል በየዓመቱ መፈተሽ፣ በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ማከማቻ መዛወር ይፈልጋል።

አሁን ስካን መቅደም ያለበት መቼ እንደሆነ። አንደኛ፣ የኤ ዲ ስትሪፕ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ፊልሙ ገና በማሽን ማለፍ ከቻለ፤ የከርሞ ሰው ላያገኘው ይችላል። ሁለተኛ፣ በዓለም ላይ ሌላ ኮፒ እንደሌለ የሚታወቅ ሥራ ከሆነ። ሦስተኛው ሁሉንም ይበልጣል፦ የቪዲዮ ካሴት። ዩማቲክና ቤታካም ካሴትን ቅዝቃዜ ብቻውን አያተርፋቸውም፣ ማጫወቻ ማሽኖቹ እየጠፉ ነውና። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት 2025ን የመጨረሻ ዓመት አድርጎ ሲያስጠነቅቅ የቆየው ለዚህ ነው። ጊዜው ደርሷል። መጋዘናችሁ ውስጥ ካሴት ካለ የፊልሙን ጉዳይ አቆዩትና ካሴቱን አስቀድሙ።

ስካን ከተደረገ በኋላ ዋናውን ፊልም መጣልስ? አይሆንም። ቦታ ጠበበን የሚል አለቃ ቢመጣም አይሆንም። በ1927 የወጣው የጀርመኑ "ሜትሮፖሊስ" ለአሥርተ ዓመታት ተቆራርጦ ብቻ ይታወቅ ነበር። በ2008 ከሞላ ጎደል ሙሉ የሆነ ኮፒ ቦነስ አይረስ በሚገኝ የሲኒማ ሙዚየም ተገኘ። ያ ኮፒ ግን ከ35 ሚሊ ሜትር ወደ 16 ሚሊ ሜትር የተገለበጠ ነበር። የአሮጌው ፊልም ጭረትና ቆሻሻ አብሮ ተገልብጧል፣ የምስሉም ጠርዝ ተቆርጧል። የተገለበጠበት 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለሌለ በዘመናዊ መሣሪያ እንደገና ልቅዳው ማለት አልተቻለም። የ2010ሩ እድሳት ውስጥ እነዚያ ትዕይንቶች እስከ ጭረታቸው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬ ስካነር የነገ ሰው ዓይን ውስጥ ያ 16 ሚሊ ሜትር ነው።

ስካን ከተደረገ በምን ጥራት፣ በምን ፋይል?

ጥቂት ስሌት እንሥራ። 90 ደቂቃ ፊልም 129,600 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ አለው። በ4ኬ፣ በ10 ቢት፣ በዲፒኤክስ ፋይል አንዱ ፍሬም 51 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ጠቅላላው 6.6 ቴራባይት ይሆናል። በ2ኬ ከሆነ ሩቡ፣ ማለትም 1.65 ቴራባይት ነው።

ለ35 ሚሊ ሜትር የካሜራ ኔጋቲቭ 4ኬ ይገባዋል። ለ16 ሚሊ ሜትር፣ ወይም ሲኒማ ቤት ለዓመታት ለተንከራተተ ኮፒ 2ኬ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ያረጀ ኮፒን በ4ኬ መቅዳት የሚያተርፈው ጭረቱን በደንብ ማየት ነው።

ከፋይል ዓይነቶች ዲፒኤክስ በስፋት የሚታወቅ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ፋይል ይሆናል። ኤፍኤፍቪ1 የተባለው የማጥበቢያ ዘዴ ማትሮስካ በሚባል የፋይል ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ አንዲት ፒክስል ሳይጥል ያንኑ መረጃ ያጠባል። ቅናሹ በፊልሙ ምስል ላይ እንደሚታዩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብዛት ይለያያል፤ ሲሶና ከዚያ በላይ ማትረፍ የተለመደ ነው። ክፍት መስፈርት ነው፣ በ2021 የኢንተርኔት መስፈርት አውጪው አካል አሳትሞታል፣ ፈቃድ አያስከፍልም። በጀቱ ውስን ለሆነ ተቋም ያለ ማመንታት ኤፍኤፍቪ1 እላለሁ። ፕሮሬስ ለሥራና ለቅንብር ጥሩ ነው፣ ዲሲፒ ለሲኒማ ቤት ማሳያ ነው፣ ኤምፒ4 ለተመልካች ነው። ሦስቱም መረጃ ይጥላሉ፤ ማስተር አይሆኑም።

ማስቀመጫውስ? መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ሃርድ ዲስክ ማቆያ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ሲሰካ ላይነሣ ይችላል። ኤልቲኦ የሚባለው የዳታ ቴፕ ለረጅም ጊዜ ይሻላል፤ የ9ኛው ትውልድ ቴፕ 18 ቴራባይት ይይዛል። ጣጣው ማጫወቻው ላይ ነው። የ9ኛው ማጫወቻ የ8ኛውን ያነባል፣ የ7ኛውን ግን አያነብም። ስለዚህ ቴፕ የሚገዛ ሰው የዝውውሩን በጀት አብሮ ያስይዝ። ክላውድ ለሩቅ መጠባበቂያ ይመቻል፤ መልሶ ማውረድ ግን ብዙ ጊዜ ይከፈልበታል። መስመሩም ይታሰብ። ያ 6.6 ቴራባይት በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ሳይቋረጥ 6 ቀን ይፈጃል። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ከተማ፤ ዝቅተኛው ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል ቼክሰም፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር፣ ይሠራለት፣ በየዓመቱም ይመሳከር። አለዚያ ፋይል ሲበላሽ ማንም አያውቅም።

ዝርዝሩ፦ ኤክሴል፣ የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ወይስ የፊልም ካታሎግ?

ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀዝቃዛው ክፍልም ስካነሩም የሚሠሩት ምን እንዳለ ለሚያውቅ ተቋም ነው።

የመጽሐፍ ካታሎግ ለፊልም ሲውል የሚፈጠረውን ችግር ልንገራችሁ። መደርደሪያው ላይ አንድ ርእስ ያላቸው አምስት ነገሮች አሉ እንበል። የምስል ኔጋቲቭ፣ የድምፅ ኔጋቲቭ፣ ለሲኒማ ቤት የታተመ ኮፒ፣ ለቴሌቪዥን ያጠረ ኮፒ፣ እና ለውጭ ገበያ ርእሱ የተቀየረ ኮፒ። ካታሎጉ በአንድ መስመር "አምስት ኮፒ" ብሎ ይመዘግባቸዋል። ቦታ ሲጠብ አንድ ሠራተኛ ሦስቱን ትርፍ ነው ብሎ ያስወግዳል። ከሦስቱ አንዱ ኔጋቲቩ ሊሆን ይችላል።

የዓለም አቀፉ የፊልም ቤተ መዛግብት ፌዴሬሽን፣ ፊያፍ፣ የተመሠረተው በ1938 ነው። በ2016 ያወጣው የካታሎግ መመሪያ ይህን ችግር በደረጃ ይፈታዋል። መጀመሪያ ሥራው ራሱ ይመዘገባል፦ ማን አዘጋጀው፣ መቼ ተሠራ፣ ስለ ምን ነው። ከሥሩ የተለየው ቅርጽ፣ ለምሳሌ ያጠረው ኮፒ፣ ይገባል። ቀጥሎ በምን መልክ እንደወጣ። በመጨረሻ በእጅ የሚያዘው ዕቃ፣ ማለትም ይኸው ጥቅል፣ ይኸው ጣሳ። የአውሮፓው መስፈርት ኢኤን 15907ም ተመሳሳይ አስተሳሰብ ነው ያለው።

ታዲያ የቱን ትምረጡ? ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ተቋም በኤክሴል ይጀምር። ምንም ነውር የለውም። አንድ መስመር አንድ ጥቅል ይሁን፤ አንድ መስመር አንድ ርእስ ከሆነ ከላይ ያልኩት ስሕተት ይገባል። ለሥራው የተለየ ቁጥር፣ ለጥቅሉ የተለየ ቁጥር ስጡ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ካሉ በኋላ ወደ ሲስተም ማዛወር ቀላል ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ማርክ የሚባለውን የመጻሕፍት መመዝገቢያ አሠራር አስቀድሞ የሚጠቀም ከሆነና ፊልሙ ጥቂት ከሆነ እዚያው መመዝገብ ይቻላል፤ የጥቅሎቹን ሁኔታ ግን ሌላ ሰንጠረዥ ይያዝ። በሺህ የሚቆጠር ጣሳ ካለ እንደ ኮሌክቲቭ አክሰስ ያለ ነፃ ሶፍትዌር በፊያፍ ደረጃዎች ማዋቀር ይሻላል። ሻጭ ሶፍትዌር ይዞ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ መረጃዬን በሙሉ በተራ ፋይል ማውጣት እችላለሁ? ካመነታ አሰናብቱት።

የጥቅሉ መስመር ላይ የማይቀሩ ነገሮች አሉ። ጣሳው ላይ የተጻፈው ርእስና ፊልሙ ላይ የሚነበበው ርእስ በተለያየ ቦታ ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ስፋቱ፣ ኔጋቲቭ ነው ወይስ ኮፒ፣ ከምን ተሠራ፣ የኤ ዲ ስትሪፕ ወረቀቱ ደረጃ፣ ከስንት ጥቅል ስንተኛ፣ የት መደርደሪያ፣ ማን መቼ አየው። አሮጌውን ጣሳ ከመቀየራችሁ በፊት ክዳኑን ፎቶ አንሡ። በእስክሪብቶ የተጫረች አንዲት ቃል የአዘጋጁ ብቸኛ ማስረጃ ልትሆን ትችላለች።

ርዝመትን በሜትር መመዝገብ ደግሞ ሰው የሚሰንፍበት፣ ግን ብዙ የሚገልጥ ነገር ነው። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲሄድ በደቂቃ 27.4 ሜትር ያልፋል። 90 ደቂቃ ፊልም 2,470 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ጥቅሎቹ ሲደመሩ 2,050 ሜትር ከሆኑ በእጃችሁ ያለው 75 ደቂቃ ነው። ወይ አንድ ጥቅል ጠፍቷል ወይ ያጠረ ኮፒ ነው። ማንም ፊልሙን ሳያጫውት ይህ ታወቀ። የቦነስ አይረሱ ኮፒ ፍለጋም የተነሣው ፊልሙ በአንድ የሲኒማ ክበብ ሲታይ ከሚታወቀው በላይ ረጅም ነበር ከሚል ወሬ ነው። ርዝመቱ ካታሎግ ላይ ተጽፎ ቢሆን ወሬ አያስፈልግም ነበር።

ጥልቀቱስ? አንድ መቶ ፊልም በዝርዝር መግለጽ፣ ወይስ ሦስት ሺህውን በአጭሩ? ሦስት ሺህውን በአጭሩ። ማን እንደተወነ፣ ታሪኩ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ትዕይንት የት እንደተቀረጸ ቀስ እያለ ይጨመራል። ያልተመዘገበ ጣሳ ግን ቢጠፋ መጥፋቱም አይታወቅም።

ራስ ማድረግ ወይስ ለድርጅት መስጠት?

ለምርመራው፣ ለጽዳቱና ለዝርዝሩ የራሳችሁን ሰው አሠልጥኑ። ይህ ዕውቀት ቤት ውስጥ መቅረት አለበት። ስካኑን ግን በዓመት ጥቂት ፊልም ብቻ የምትቀዱ ከሆነ ለድርጅት ስጡ፤ ስካነር ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም ጥገና ይፈልጋል፣ ክፍሎቹም ከገበያ ይወጣሉ።

ውሉ ላይ ግልጽ ይሁን። መጀመሪያ የሚረከቡት ምንም ያልታረመ ጥሬ ስካን ነው፤ የጸዳና ቀለሙ የተስተካከለ ኮፒ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። ድምፁም እንደ ምስሉ ሳይታረም ይምጣ። ቼክሰሙ ስካነሩ ላይ እንደተጠናቀቀ እዚያው ይሠራ። ፊልሙ የሄደበትና የተመለሰበት ርዝመት ይመዝገብ፤ በጥገና ጊዜ የተቆረጠ ፍሬም ካለ በጽሑፍ ይገለጽ። የእያንዳንዱ ፋይል ስም የጥቅሉን ቁጥር ይያዝ። ጣሳዎቹ ሲመለሱ ቁጥሩን ከፋይሉ ስም ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፣ ቼክሰሙንም በራሳችሁ ኮምፒዩተር ደግማችሁ አሠሩት። ሁለቱም ሳይገጥሙ የርክክብ ሰነድ አትፈርሙ።